የሱፍ ምንጣፍና ባና አያያዝ፣ ለደጋ ቤት፦ አቧራ ማውጣት፣ እድፍ ማንሳት፣ ማጠብና ማድረቅ

ሰሜን ሸዋ በተለይ ደብረ ብርሃን፣ ሞላሌ፣ መሐል ሜዳ አካባቢ በመንዝ በግ ፀጉር በእጅ የተሰራ ምንጣፍ ወይ ባና ያለው ሰው ብዙ ነው፣ ያው ብርዱ ያስገድዳል። ስለ አያያዙ ሲወራ ግን የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ጥያቄ "በምን ሳሙና ልጠበው?" ነው። እኔ ከሳሙናው በፊት ሁለት ነገር እንዲገባችሁ እፈልጋለሁ። አንደኛ ምንጣፉን ቀስ እያለ የሚጨርሰው ከስር የተኛው አቧራ ነው። ሁለተኛ ታጥቦ በደንብ ሳይደርቅ ቤት የገባ ምንጣፍ በአንድ ክረምት ሊበሰብስ ይችላል። ሳሙና ከነዚህ ሁለቱ በኋላ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ እኔም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ምንጣፋችሁ ምን እንደሆነ እወቁ

ገልብጡትና ጀርባውን እዩ። በእጅ የተቋጠረ ከሆነ የፊቱ ስዕል ጀርባውም ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ቋጠሮዎቹም አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፣ ዘርፉም የራሱ የድሩ ጫፍ ነው እንጂ በኋላ የተሰፋ አይደለም። ጀርባው ላይ ሌላ ጨርቅ በሙጫ የተለጠፈበት ከሆነ ግን ያ ሌላ አሰራር ነው፣ እሱን ውሃ ውስጥ አትንከሩት፣ ሙጫው ይለቅና ፀጉሩ ይረግፋል፣ ላይ ላዩን ብቻ ነው የሚጸዳው።

ሱፍ ይሁን ሲንቴቲክ ለማወቅ ከጀርባው ወይም ከዳሩ አንዲት ቀጭን ክር ቁረጡና ሳህን ላይ አድርጋችሁ በክብሪት አቃጥሏት። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ እሳቱ ሲነሳ ቶሎ ይጠፋል፣ የሚቀረውም በጣት ሲነካ የሚፈርስ ጥቁር አመድ ነው። ሲንቴቲክ ከሆነ ይቀልጥና ጠጣር ዶቃ የመሰለ ነገር ይሆናል። ይሄንን ሳታውቁ ወደ ውሃ አትሂዱ፣ ምክንያቱም ከዚህ በታች የምላችሁ በሙሉ ለሱፍ ነው።

የቀለሙም ነገር አለ። የመንዝ በግ ጥቁሩ፣ ቡናማው፣ ነጩ ተፈጥሯዊ ቀለም ስለሆነ በውሃ አይለቅም። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ያለበት ምንጣፍ ግን የተነከረ ክር ነው፣ አንዳንዱ ይለቃል። ነጭ ጨርቅ ለብ ባለ ውሃና በትንሽ አቼቶ አርጥባችሁ ጥግ ላይ ያለውን ቀለም ለ1 ደቂቃ ያህል ተጫኑት። ጨርቁ ላይ ቀለም ከወጣ ያ ምንጣፍ ቤት አይታጠብም፣ አበቃ። በተለይ ቀይ ከነጭ ጎን ለጎን ያለበት ከሆነ አንዴ ከተደባለቀ የሚመልሰው የለም።

አቧራ

አሁን ዋናው ጋ መጣን። ጫማችን ይዞት የሚገባው አሸዋ ፀጉሩ መሃል ወርዶ ቋጠሮው ስር ይቀመጣል፣ ከዛ በተረገጠ ቁጥር የአሸዋው ስለታም ጠርዝ ሱፉን ከስሩ ይቆርጠዋል። ላዩ ንፁህ ይመስላል፣ ከጊዜ በኋላ ግን በር አካባቢና ሶፋው ፊት ለፊት መላጣ ይሆናል፣ ሰውም "ሱፉ ጥሩ አይደለም" ይላል። በበጋ የደብረ ብርሃን ነፋስ አቧራውን በመስኮት ሳይቀር እያመጣ ይከምረዋል፣ እነዋሪና ጅሩ በኩል ደግሞ ያ ጥቁር አፈር አለ፣ ሲደርቅ ዱቄት ይሆናል። ስለዚህ ጫማ በር ላይ ይውለቅ፣ እንግዳም ቢሆን በትህትና ይነገረው፣ ወይ በር ላይ ወፍራም ጆንያ ወይም እግር መጥረጊያ አንጥፉ።

በሳምንት አንዴ ፀጉሩ በሚተኛበት አቅጣጫ ጥረጉት። አቅጣጫውን በእጃችሁ ስትዳብሱት ታውቁታላችሁ፣ በአንዱ በኩል ይለሰልሳል በሌላው ይቆማል። ቫኪዩም ያላችሁ የሚሽከረከረውን ብሩሽ አጥፉት ወይም ንቀሉት፣ ሱፉን ይነጫል፣ ዘርፉን ደግሞ ጎትቶ ይበጥሳል፣ ዘርፍ ላይ ቫኪዩም ጨርሶ አይነዳም። አዲስ ምንጣፍ በመጀመሪያዎቹ ወራት ብናኝ ፀጉር ይለቃል፣ እሱ ከእጅ ፈትልና ከቆረጣው የቀረ ትርፍ ስለሆነ አትደንግጡ፣ እየቀነሰ ይሄዳል።

ሽቦ ላይ አንጠልጥሎ በፍልጥ መደብደብ የለመድነው ነገር ነው፣ እኔ ግን አልመክርም። ሙሉ ክብደቱ አንድ መስመር ላይ ስለሚያርፍ ድሩ ይሳባል፣ ዱላው ደግሞ በተለይ ያረጀ ክር ይሰብራል። በሱ ፋንታ ፀሐያማ ቀን ጠብቁና ምንጣፉን ንፁህ ደረቅ ሳር ላይ ወይም የተነጠፈ ሰሌን ላይ በፊቱ ደፍታችሁ ጀርባውን በእጅ መዳፍ ወይም በሰፊ ነጠላ ጫማ መታ መታ አድርጉት፣ አቧራው በራሱ ክብደት ወደ ታች ይወርዳል። ከዛ አንሱት፣ ስሩ የተከመረውን አሸዋ ታያላችሁ፣ እሱን ጠርጋችሁ ቦታ ቀይሩና ድገሙት፣ የሚወርደው አቧራ እስኪያልቅ ድረስ። ይሄንን በአመት ሁለት ሶስቴ የሚያደርግ ሰው ውሃ ለብዙ አመት ላያስፈልገው ይችላል።

እግረ መንገዳችሁን በእንቁጣጣሽና በፋሲካ ምንጣፉን አዙሩት፣ ማለትም በር ጋ የነበረው ጫፍ ወደ ውስጥ ይሂድ። መረገጡም የመስኮቱ ፀሐይም እኩል ይዳረሳል።

ከስሩ ምን እንዳለም እዩ። የደጋ ቤት ወለል ሲሚንቶም ይሁን አፈር እርጥበት ይሰጣል፣ ክረምት ላይ በተለይ። ብዙ ሰው ፕላስቲክ ያነጥፍበታል፣ ፕላስቲክ ግን እርጥበቱን አፍኖ ይይዘውና ጀርባው ይሻግታል። ሰሌን ይሻላል፣ አየር ያሳልፋል። ወለላችሁ በእበት የሚለቀለቅ ከሆነ በደንብ ሳይደርቅ ምንጣፍ አትመልሱበት።

ሌላው ቄጠማ ነው። በዓል ሲሆን እርጥብ ቄጠማ ምንጣፍ ላይ ይጎዘጎዛል፣ ላዩ ላይ ይረገጣል፣ አረንጓዴው ጭማቂ ነጩ ሱፍ ውስጥ ይገባል፣ እሱ ደግሞ በቀላሉ አይለቅም። ቡናው የሚፈላበትን በኩል ምንጣፉን ጠቅለል አድርጉና ቄጠማውን ወለሉ ላይ ጎዝጉዙ፣ ረከቦቱም እዛው ይሁን፣ የእጣን ፍም ሲወድቅም ወለል ላይ ይሆናል። ሱፍ እንደ ሲንቴቲክ ቶሎ አይቀጣጠልም ግን ይለበለባል። ፍም ከወደቀበት ቶሎ አንሱት፣ ሲበርድ የጠቆረውን ጫፍ ብቻ በትንሽ መቀስ ከላይ ከላይ ቁረጡ፣ ጥልቅ ካልሆነ አይታወቅም።

አንድ ነገር ሲደፋበት

ለሁሉም እድፍ የሚሰራው፦ ቶሎ ድረሱ፣ አትፈትጉ፣ ከዳር ወደ መሃል ስሩ። ፍተጋ እድፉን ወደ ስር ይነዳዋል፣ ሱፉንም ያቆላልፈዋል፣ ያ ቦታ ከዛ በኋላ የተለየ ሆኖ ይቀራል። በነጭ ንፁህ ጨርቅ ወይም በሶፍት ተጫኑት፣ አንሱ፣ በደረቁ በኩል ደግማችሁ ተጫኑ። ባለቀለም ጨርቅ አትጠቀሙ፣ የራሱን ቀለም ይጨምርበታል።

ቡናና ሻይ፦ ከመጠጠው በኋላ 1 እጅ አቼቶ ከ2 እጅ ቀዝቃዛ ውሃ ጋር ቀላቅላችሁ ጨርቅ ነክራችሁ በደንብ ጨምቃችሁ መታ መታ፣ ከዛ በንፁህ ውሃ በረጠበ ጨርቅ፣ ከዛ በደረቅ። ስኳር ያለበት ከሆነ በንፁህ ውሃ የሚደረገውን ደጋግሙት፣ ስኳሩ ከቀረ ቆሻሻ ይለቅምበታል።

ወጥ፦ ይሄኛው ነው ሰው የሚያበላሸው፣ ምክንያቱም ወዲያው ውሃ ይደፋበታል። የበርበሬው ቀለም በዘይት የሚሟሟ ነው፣ ስለዚህ ዘይቱ ሳይወጣ ቀለሙ አይወጣም። መጀመሪያ በማንኪያ ጀርባ ሳትጫኑ እየጠረጋችሁ አንሱት። ከዛ የበቆሎ ስታርች፣ ከሌለ ነጭ የዳቦ ዱቄት ነስንሱበትና 1 ሰአት ያህል ተዉት፣ ዘይቱን ይመጠዋል። አራግፉት፣ ዱቄቱ አሁንም ቀይ ሆኖ ከተነሳ እንደገና ነስንሱ። ከዛ በኋላ ነው ትንሽ የእቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በውሃ መትታችሁ አረፋውን ብቻ በስፖንጅ የምታስነኩት፣ ውሃውን አይደለም። ቅቤ ቢደፋም እንደዚሁ።

ደም፣ ወተት፣ እንቁላል፦ ሙቅ ውሃ በፍፁም፣ ያበስለውና እዛው ይይዘዋል። ቀዝቃዛ ውሃና ትንሽ ጨው። በበዓል ቀን እርድ ባለበት ቤት ይሄንን ለልጆቹ ሁሉ ንገሩ።

ሽንት፣ የህፃንም ይሁን የድመት፦ ወዲያው በደንብ ይመጠጥ፣ ከዛ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከዛ እንደ ቡናው የአቼቶ ውሃ። ጀርባውንም እዩ፣ ዘልቆ ከሆነ ከጀርባም መስራት አለባችሁ። እንዲሁ ከደረቀ የተነከረውን ቀለም ይቀይራል፣ ሽታውም እርጥበት በመጣ ቁጥር ይነሳል።

ጧፍና ሻማ፦ እስኪጠነክር ጠብቁ፣ ያው ማታ ላይ እኛ ጋ ብዙ አይቆይም፣ ቆላ ከሆናችሁ በረዶ በፌስታል አድርጉበት። ሰባብራችሁ አንሱት፣ የቀረውን ነጭ ወረቀት ደርባችሁ ለብ ያለ ካውያ አስነኩት፣ ሰሙ ወረቀቱ ላይ ይወጣል፣ ወረቀቱን እየቀያየራችሁ።

ጭቃ፦ ምንም አታድርጉ። ይድረቅ፣ ከዛ ይራገፍ።

ማጠብ

ከ2 ሜትር በ3 ሜትር የሚበልጥ ምንጣፍ ቤት ውስጥ ውሃ ውስጥ አታስገቡ፣ ረጥቦ ሲከብድ ታነሱታላችሁ ብዬ አላስብም፣ በምን ታደርቁታላችሁ የሚለውም አለ። ለትልቁ ከላይ ያልኩት የአረፋ አሰራር ይበቃል። ለትንሹ፣ ለባናና ለዝተት ግን መታጠብ ይቻላል፣ በየሁለትና ሶስት አመቱ ወይም በእርግጥ ሲቆሽሽ።

ጊዜው ወሳኝ ነው። ሐምሌና ነሐሴ አይታሰብም፣ በልግ የሚዘንብበት አካባቢም የካቲትና መጋቢት ያስፈራል። ጥሩው ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ነው፣ ቀኑ ፀሐይና ደረቅ ነፋስ ስላለው። ጣርማ በርና ደብረ ሲና በኩል ጉም የሚውልበት ቦታ ያላችሁ በተከታታይ ጥርት ያለበትን ሳምንት ጠብቁ እንጂ አንድ ብሩህ ጠዋት አይታችሁ አትጀምሩ።

የማትጠቀሙበት፦ በረኪና፣ ኦሞና የመሳሰለው የዱቄት ሳሙና፣ ሶዳ፣ ሙቅ ውሃ። ሱፍ እንደ ፀጉራችን ፕሮቲን ነው፣ በረኪና ጭራሽ ያሟሟዋል፣ የዱቄት ሳሙናው ጨው ጨው የሚለው ባህሪው ያደርቀዋል፣ አንዳንዱ ውስጥ የደም እድፍ እንዲያነሳ የተጨመረ ፕሮቲን የሚበላ ኢንዛይም አለ፣ እሱ እድፍና ሱፍ አይለይም። ሙቅ ውሃ ከእሽታ ጋር ሲሆን ሱፉ እርስ በርሱ ይያያዝና ይኮማተራል፣ ሰፊ የነበረ ባና ለልጅ አልጋ የሚሆን መጠን ይዞ የሚወጣው በዚህ ነው፣ መልሶ የሚዘረጋውም የለም።

አሰራሩ እንዲህ ነው፦ አቧራው ቀድሞ ሙሉ በሙሉ ይውጣ፣ ካልወጣ በውሃ ጭቃ ይሆናል። ንፁህ ሲሚንቶ ላይ ወይም ትንሽ ተዳፋት ያለው የታጠበ ግቢ ላይ ዘርጉት። 10 ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ እጃችሁን ስትከቱበት ሞቀም በረደም የማትሉት፣ ከዛ 2 የሾርባ ማንኪያ ተራ የፀጉር ሻምፖ። በስፖንጅ ወይም በለስላሳ ብሩሽ ፀጉሩ በሚተኛበት አቅጣጫ ብቻ፣ ከአንድ ጥግ ጀምራችሁ ትንሽ ትንሽ ቦታ እየያዛችሁ። አትርገጡት፣ አትሹት። ፊቱ ሲያልቅ ጀርባውን። ዘርፉን በመጨረሻ በእጅ ብቻ።

ማለቅለቁ ከማጠቡ ይበልጣል። የሚወርደው ውሃ እስኪጠራ፣ አረፋም እስኪጠፋ ድረስ፣ ሳሙና የቀረበት ምንጣፍ ይደርቅና ይሻክራል፣ ቆሻሻም ቶሎ ይይዛል። በመጨረሻው 10 ሊትር ውሃ ግማሽ የሻይ ብርጭቆ አቼቶ ጨምሩ፣ የሳሙናውን ቅሪት ይቆርጠዋል፣ ሱፉም ይለሰልሳል።

እንዶድ ያላችሁ ደግሞ፣ እናቶቻችን ሳሙና ሳይገባ ልብስ ያጠቡበት የነበረው ማለቴ ነው፣ የደረቀውን ፍሬ ወቅጣችሁ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ በጨርቅ አጥልላችሁ አረፋውን መጠቀም ይቻላል፣ መጀመሪያ ነጩ ጥግ ላይ ሞክሩት። ዱቄቱ አይንና አፍንጫ ያቃጥላል፣ ህፃናትን አርቁ። እጣቢውን የደብረ ብርሃኑ የበሬሳ ወንዝም ሆነ ሌላ ወንዝ ውስጥ አትድፉ፣ ዶ/ር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ሞቶ አይተው ነው ለበሽታው መከላከያነቱ የደረሱበት፣ አሳም ይገድላል። አትክልት ከሌለበት መሬት ላይ ይደፋ።

ማድረቅ

እዚህ ጋ እባካችሁ አትቸኩሉ። ሱፍ የክብደቱን 30 በመቶ የሚያህል እርጥበት ይዞም ሲነኩት ደረቅ ይመስላል። ፀጉሩ ደርቆ የጥጥ ድር ካለው ድሩ ውስጡ ርሶ ይቆያል፣ ያ ድር ሲበሰብስ ምንጣፉ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፣ ከዛ ጥገና የለውም።

መጀመሪያ ውሃውን አውጡ። አትጠምዝዙት። በሰፊ ጣውላ ወይም በወለል ማድረቂያ ጎማ ፀጉሩ በሚተኛበት አቅጣጫ እየተጫናችሁ ውሃውን ግፉት። ከዛ ወፍራም ፎጣ ወይም አሮጌ አንሶላ ላይ ዘርግታችሁ አብራችሁ ጠቅልሉና ተጫኑት፣ ፎጣ ቀይራችሁ ድገሙ።

ከዛ ከላይም ከስርም አየር የሚያገኝበት ቦታ። የጠፍር አልጋ ወይም የሽቦ አልጋ ካላችሁ ፍራሹን አንስታችሁ እሱ ላይ ዘርጉት፣ ከዚህ የሚሻል አላየሁም። ከሌለ ጎን ለጎን የተደረደሩ አጣናዎች ላይ። አንድ ገመድ ላይ ማንጠልጠል አይሆንም፣ ሲረጥብ በጣም ስለሚከብድ ይለጠጥና ቅርፁ ይጠማዘዛል። ቦታው ጥላ ሆኖ ነፋስ ያለበት ይሁን፣ የደጋ ፀሐይ ብርድ ስለሆነ አይታወቅም እንጂ ከ2,700 ሜትር በላይ ያለ ፀሐይ ነው፣ ቀለም ይበላል። በየጥቂት ሰአቱ ገልብጡት።

ከቀኑ 10 ሰአት በኋላ ቤት አስገቡት። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ አለ፣ ቀን የደረቀውን ሌሊት ይመልሰዋል። ቤት ውስጥም ወለል ላይ ሳይሆን ወንበሮች ላይ ዘርግታችሁ አሳድሩትና ጠዋት መልሱት፣ 2 ቀንም 4 ቀንም ይፈጅ። መድረቁን በፊቱ ሳይሆን በጀርባው ፈትሹ፣ ጀርባውን ጉንጫችሁ ላይ አድርጉት፣ ቀዝቀዝ ካላችሁ ገና ነው። አፍንጫም ይረዳል፣ እርጥብ በግ ከሸተተ ገና ነው።

አጎዛ

ብዙ ቤት ስላለ ባጭሩ፦ አጎዛ ቆዳው ውሃ መጠጣት የለበትም፣ ከረጠበ ሲደርቅ እንደ እንጨት ይሆናል። ፀጉሩን ብቻ በሻምፖ አረፋ አጽዱ፣ በረጠበ ጨርቅ አንሱ፣ ፀጉሩ ወደ ላይ ሆኖ ጥላ ውስጥ ይድረቅ፣ እየደረቀ እያለ ቆዳውን በእጅ ሳብ ሳብ አድርጉት። እሳት ዳር አታድርቁ።

ብል

ሱፉን የሚበላው የሚበረው ትንሽዬ ቢራቢሮ አይደለም፣ ከእንቁላሉ የሚወጣው ትል ነው። ጨለማና የማይነካ ቦታ ይወዳል፣ ስለዚህ ሶፋ ስር፣ አልጋ ስር፣ ቁም ሳጥን ስር ያለውን የምንጣፍ ክፍል እዩ። ምልክቱ የተላጨ የመሰለ ቦታ፣ ነጭ ድር መሰል ሽፋን፣ አሸዋ የመሰለ ኩስ ነው። ሸዋ ሮቢትና ቆላው አካባቢ ሙቀት ስላለ ፈጥኖ ይራባል፣ ደጋ ላይ ይዘገያል እንጂ አይቀርም፣ ምድጃ ያለበት የሚሞቅ ቤት በቂው ነው።

ካገኛችሁ ምንጣፉን ደጅ አውጡ፣ ሁለቱንም በኩል በደንብ ቦርሹ፣ ለጥቂት ሰአት ፀሐይ ይምታው (ለዚህ ብቻ ፀሐይ እፈቅዳለሁ)፣ የነበረበትን ወለልና ጥግም አጽዱ። ትንሽ ነገር ከሆነ በፌስታል አጥብቃችሁ አስራችሁ ጥሩ ፍሪዘር ውስጥ ለ2 ሳምንት ማስቀመጥ እንቁላሉንም ይገድላል፣ የኛ የደጅ ውርጭ ግን ለዚህ አይበቃም። የጥድ ፍልጥ ሽታው ብሉን ትንሽ ያርቃል፣ የገባውን ግን አይገድልም። ናፍታሊን ይሰራል ግን መርዝ ነው፣ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ብቻ፣ ሰው የሚተኛበት ክፍል ወይም ህፃን የሚድህበት ምንጣፍ ላይ አይሆንም። እህል ላይ የሚነሰነስና ማሳ ላይ የሚረጭ መድኃኒት ምንጣፍ ላይ የምታደርጉ ካላችሁ ዛሬውኑ አቁሙ፣ ቤተሰባችሁ ቀኑን ሙሉ እየተነፈሰው ነው።

ለማስቀመጥ ስትፈልጉ አፅድታችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ፀጉሩ በሚተኛበት አቅጣጫ ጠቅልሉት፣ አትጠፉት፣ መታጠፊያው ላይ ድሩ ይሰበራል። በአቡጀዲ ሸፍኑት፣ በፕላስቲክ አይደለም፣ ከመሬት ከፍ ያለ ቦታ አድርጉት፣ በየሁለት ወሩ ፈታ አድርጋችሁ አናፍሱት።

ሲፈታና ሲቀደድ

አንድ ክር ከሌሎቹ በላይ ብቅ ካለ አትጎትቱት፣ ቋጠሮው ይፈታል፣ ከፀጉሩ እኩል በመቀስ ቁረጡት። ዘርፉ እያጠረ ቋጠሮው መፈታት ከጀመረ ግን ያንኑ ሳምንት በመርፌና በወፍራም የጥጥ ክር ዳሩን ጥለፉት፣ ፍቺ አንዴ ከጀመረ በረድፍ ነው የሚሄደው። የተበላና የተቀዳደደ ቦታ ለሰሪዎቹ ይወሰድ፣ እነሱ ድሩን መልሰው ይወጥሩና ቋጠሮውን ያስገቡበታል። ምንጣፍ ስታሰሩ ወይም ስትገዙ ከየቀለሙ ትንሽ ክር ጨምረው እንዲሰጧችሁ ጠይቁ፣ ከአመታት በኋላ ያንኑ የቡናማ አይነት ከሌላ በግ ማግኘት ከባድ ነው። ክሩን በደንብ አድርቃችሁ ክዳኑ ግጥም የሚል ጣሳ ውስጥ ከምንጣፉ ለይታችሁ አስቀምጡት፣ ብል ከገባ ሁለቱንም አብሮ እንዳይበላው።